ነገን ከዛሬ ጋዜጣ ያነበቡ

ልጁ ቆርቆሮው እንዳይጎደጉድ የሚስማሩን መስመር እየተከተለ ጣራው ጫፍ ደርሷል። በአንድ እጁ መፍቻ፣ በሌላው የሳህኑን ጠርዝ ይዟል።

«መጣ?»

«ኧረ አልመጣም!» ይሉታል ከሳሎን።

ሳህኑን የጣት ስፋት ያህል ገፋ ያደርገዋል። «አሁንስ?»

«ይቆራረጣል... ቆይ ቆይ... መጣ! መጣ! እንዳትነካው!»

ዲሽ ያስገባ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህን ልውውጥ በቃሉ ያውቀዋል። ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳትን ትተው ወደ ኢትዮሳት የሄዱ ጊዜማ ሰፈር ምድሩ ሳህኑን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ የዲሽ ሠሪዎችም ስልክ ሥራ በዛበት። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ግን እምብዛም ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። ሳህኑ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ የሚከርመው እንዴት ነው? ሳተላይት የሚባለው ነገር ሰማይ ላይ የሚዞር አይደለም እንዴ?

መዞሩንስ ይዞራል። ነገሩ ከፍታው ላይ ነው። ዝቅ ብሎ የሚበር ሳተላይት ፈጣን ነው፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ምድር ያመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከመሬት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ብቻ ከፍ ያለች ስለነበረች ምድርን አንዴ ለመዞር ሁለት ሰዓት አይሞላባትም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨረቃ ደግሞ በጣም ሩቅ በመሆኗ አንድ ዙር ለመጨረስ 27 ቀን ያህል ይፈጅባታል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል አንድ ዙር ልክ አንድ ቀን የሚፈጅበት ከፍታ ይኖራል ማለት ነው። አለም፤ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ። እዚያ የተቀመጠ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሆኖ ለሚያየው ባለበት የቆመ ይመስላል። ጣራ ላይ የወጣው ልጅ የሚፈልገው ያንን ነጥብ ነው።

ይህ የሰማይ ቀለበት በብዙ የሙያው ሰዎች ዘንድ የክላርክ ቀበቶ ይባላል። ክላርክ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ ነው።

የራዳሩ መኮንን

አርተር ሲ ክላርክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳር ባለሙያ ነበር። ሥራው ጭጋግ የሸፈነውን አውሮፕላን በራዳር እየመሩ መሬት ለማሳረፍ የተሠራውን አዲስ መሣሪያ መሞከርና ማሠራት ነበር። ቀን ቀን የሬዲዮ ሞገድ የት ደርሶ የት እንደማይደርስ ያያል። ማታ ማታ የኅዋ ጉዞ ያልማል። ጀርመኖች ለንደን ላይ የተኮሱት ቪ-2 ሮኬት ደግሞ ከባድ ነገርን ከከባቢ አየር በላይ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል። በጥቅምት 1945፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው የሬዲዮ ቴክኒክ መጽሔት ላይ ሦስቱን ነገር አገጣጠመና ጻፈ። በዚያ ከፍታ ላይ ሦስት ጣቢያዎች ተራርቀው ቢቀመጡ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ምድርን ከሞላ ጎደል ይሸፍናሉ አለ።

ሃያ ዓመት እንኳ አልፈጀም። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ፓስፊክን ተሻግሮ አሜሪካ የደረሰው በዚያ ከፍታ ላይ በተቀመጠው ሲንኮም 3 አማካይነት ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ነቢይ» የሚለውን ቃል የሚያወጣው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለትንቢት ጆሯችን ቅርብ ነው። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» የሚሉ አዛውንት በየቤቱ ነበሩ፤ ለስልኩም፣ ለአውሮፕላኑም፣ ለቴሌቪዥኑም ብለዋል። የሳይንስ ልቦለድ ደራሲዎችን በዚሁ ዓይን ማየት ይቀናናል፤ መጋረጃውን ገልጠው ያዩ ይመስለናል። የክላርክን ጽሑፍ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ክላርክ ጣቢያዎቹ ውስጥ ሰው እንዲኖር ነበር ያቀደው። ለምን ቢሉ፣ በዘመኑ ሬዲዮ የሚሠራው በመስታወት ቫልቭ ነው፤ ቫልቭ ደግሞ ይቃጠላል፤ ሲቃጠል የሚቀይር ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ትራንዚስተር የተፈለሰፈው በ1947 መጨረሻ፣ ጽሑፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የምሕዋሩን ሒሳብ ከኒውተን ጀምሮ የታወቀ ነገር ስለነበረ በትክክል አገኘው። ገና ያልተፈለሰፈውን ከየትም ሊያመጣው አልቻለም።

«የምሕዋሩን ሒሳብ አገኘው፤ ገና ያልተፈለሰፈውን ከየትም ሊያመጣው አልቻለም»

ሐሳቡን በፓተንት አላስመዘገበም፤ በኋላ ይህንኑ በሚመለከት በጻፈው መጣጥፍ ርዕስ ላይ በትርፍ ሰዓቱ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንዳመለጠው ቀልዷል። ኑሮውን ግን ሐሳቡ ራሱ ቀየረለት። ስሪላንካ ገብቶ ኮሎምቦ ተቀመጠ። በ1975 ሕንድ የገጠር መንደሮችን በሳተላይት ቴሌቪዥን ለማስተማር ሙከራ ስትጀምር፣ የሕንድ የኅዋ ድርጅት መሐንዲሶች ቤቱ ድረስ መጥተው ዲሽ ተከሉለት። በሰማኒያዎቹ መጀመሪያ ደግሞ «2010» የተሰኘው ልቦለዱ ፊልም ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ ካለው ዳይሬክተር ጋር ከኮሎምቦ በሞደም ይጻጻፍ ነበር። የሚጠቀምበት ኬይፕሮ የተባለውን ኮምፒዩተር ነው፤ «ተንቀሳቃሽ» ይባል እንጂ መያዣ የተበጀለት የብረት ሻንጣ ነበር። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጽፋል፤ ጠዋት መልእክቱ ጠብቆ ይቆያል። ዛሬ ውጭ አገር ካለ ዘመዱ ጋር በቴሌግራም የሚያወራ ሁሉ የሚኖረው ይህንኑ ኑሮ ነው።

አሚየን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት

የሳይንስ ልቦለድ ደራሲዎች እውቀት ከየት እንደመጣ በግልጽ የሚታየው በፈረንሳዊው ደራሲ በዡል ቬርን ቤት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አሚየን የምትባል ከተማ አለች፤ ጥግ ላይ ክብ ግንብ ያለው፣ አሁን ሙዚየም የሆነ ቤቱ እዚያ ይገኛል። የሚጽፍበት ክፍል ጠባብ ነው። ጠረጴዛና እንደ ወታደር አልጋ ያለች የብረት አልጋ ይዞ ሌላ ብዙ ነገር አያስገባም። ቬርን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳና እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይጽፋል።

ከምሳ በኋላ ነው ዋናው ሥራ። ወደ ከተማው የኢንዱስትሪ ማኅበር የንባብ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ የየዕለቱን ጋዜጦች፣ የሳይንስ መጽሔቶችን፣ የጂኦግራፊ ማኅበራትን ዘገባ አንድ በአንድ ያነባል። እርሳስ ከእጁ አይለይም። አዲስ ብረት ከተገኘ ይጽፋል። አንድ አሳሽ ከአፍሪካ ከተመለሰ ይጽፋል። ስለ ኤሌክትሪክ ባትሪ ወሬ ካለ ይጽፋል። ማስታወሻዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው በየርዕሳቸው ይቀመጣሉ። በስተርጅናው ሊጠይቁት ለመጡ ጋዜጠኞች ይህንን ሳይደብቅ ነግሯቸዋል፤ ሳይንቲስት ነኝም ብሎ አያውቅም። የተማረው ሕግ ነው፤ ወጣት ሳለ እንጀራው የአክሲዮን ደላላነት ነበር።

የሚያውቀው ሲያልቅበት ደግሞ የሚያውቅ ይጠይቃል። «ከምድር ወደ ጨረቃ» የተባለው መጽሐፉ በ1865 ሲወጣ፣ በውስጡ ላለው ሒሳብ የሒሳብ መምህር የነበረውን የአጎቱን ልጅ አንሪ ጋርሴን አማክሯል። ይህ መጽሐፍ ለነቢይነት ክርክር ዋናው ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብ ነው፤ ነገሩም ያስገርማል። ሦስት ሰዎች ይሳፈራሉ፤ መነሻቸው ፍሎሪዳ ነው፤ በተከታዩ መጽሐፍ ሲመለሱ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያርፋሉ። በ1969 አፖሎ 11 ሦስት ሰዎችን ጭኖ ከፍሎሪዳ ተነሳ፤ ፓስፊክ ላይ አረፈ።

የፊዚክስ መምህራን ይህንን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። የቬርን መድፍ ጨረቃ አናት ላይ በምትሆንበት ቦታ መተከል ነበረበት፤ ይህም ከምድር ወገብ እስከ 28 ዲግሪ ባለው ክልል ብቻ ነው። በአሜሪካ ካርታ ላይ ይህን የሚያሟላ የደቡቡ ጫፍ ነው፤ ፍሎሪዳና ቴክሳስ። ልቦለዱ ውስጥ ሁለቱ ግዛቶች ለመድፉ ይሻማሉ። አሜሪካኖች መቶ ዓመት ቆይተው ሮኬታቸውን ፍሎሪዳ የተከሉት በሌላ ምክንያት ነው፤ ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ ቁጥር የምድር ሽክርክሪት ለሮኬቱ ተጨማሪ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የወደቀ ነገር ሰው የማይገድልበት ውቅያኖስ አለ። ሁለቱም የተገናኙት ካርታው አንድ ስለሆነ ነው። (የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ቴክሳስ መግባቱ ግን ቬርንን ሳያስቀው አይቀርም ነበር።)

ስሕተቱ ደግሞ ከግጥምጥሞሹ ይበልጥ ያስተምራል። ሰዎቹን የሚያስወነጭፈው ወደ 274 ሜትር የሚረዝም መድፍ ነው። በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመድረስ የሚያስፈልገው ግፊት፣ ከምድር ስበት ከሃያ ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያች ቅጽበት ከ1,200 ቶን በላይ ይከብዳል ማለት ነው። ቬርን ችግሩን አላጣውም፤ ከወለሉ ሥር ውኃ አድርጎ ሊያበርደው ሞክሯል። ውኃው ግን ማንንም አያተርፍም ነበር።

ሩሲያ ውስጥ ካሉጋ በምትባል ከተማ ይህንን ያሰላ አንድ መምህር ነበር። ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ በልጅነቱ በሕመም ጆሮው ደንቁሮ፣ ትምህርቱን በአብዛኛው ከቤተ መጻሕፍት ያገኘ ሰው ነው። ቬርንን አንብቦ ተማረከ፤ ከዚያም መድፉ ሰው እንደሚፈጭ አስልቶ ሌላ መንገድ ፈለገ። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ የሚጨምር ሮኬት መሆን እንዳለበት ያሳየበትን ቀመር በ1903 አሳተመ። ዛሬም ሮኬት የሚሠራ ሁሉ በዚያ ቀመር ይጀምራል። አንባቢው ደራሲውን አረመውና አዲስ ሳይንስ ተወለደ።

ቬርን በሌላ ልቦለዱ ስለጻፈው ሰርጓጅ መርከብ፣ ስለ ናውቲለስ፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ናውቲለስን የፈጠረው ቬርን ይመስለናል፤ ስሙ ግን ሮበርት ፉልተን በ1800 ከሠራው ሰርጓጅ የተወሰደ ነው፤ በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይም ቬርን የፈረንሳይ ባሕር ኃይልን ሰርጓጅ ሞዴል ቆሞ አይቷል። የራሱ ድርሻ መርከቡን ማስፋቱ፣ ኤሌክትሪክ መስጠቱና አለቃው የሚመሰጥበት ኦርጋን ማስገባቱ ነው።

ትራፊክ መብራቱ

ቬርን በእርጅናው ስለ ወጣቱ እንግሊዛዊ ኤች ጂ ዌልስ ተጠይቆ ቅር እንዳለው አልደበቀም። እኔ ፊዚክስን እጠቀማለሁ፣ እሱ ይፈጥራል ዓይነት ነገር ተናገረ፤ ዌልስ ስበትን የሚከላከል ብረት ብሎ ጽፎ ነበርና፣ ካለ ያሳየኝ አለ። ቅሬታው ልክ አይመስለኝም። ከሁለቱ ሳይንስ በሥርዓት የተማረው ዌልስ ነው። እናቱ የጌቶች ቤት ጠባቂ፣ አባቱ ባለ ትንሽ ሱቅ፣ እሱ ራሱ የጨርቃጨርቅ ሱቅ ተለማማጅ ነበር። ከዚያ ኑሮ ያወጣው በ1884 ያገኘው ነጻ የትምህርት ዕድል ሲሆን፣ ለንደን ውስጥ ባዮሎጂ ያስተማረው የዳርዊን ጠበቃ የነበረው ቶማስ ሀክስሊ ነው። በ1898 በታተመው «የዓለማት ጦርነት» ውስጥ ሰው ያልቻላቸውን የማርስ ወራሪዎች ረቂቅ ተሕዋስያን ሲጨርሷቸው፣ ያ ከባዮሎጂ ክፍል የመጣ ሐሳብ ነው።

የአቶሙ ታሪክም እንዲሁ ከንባብ ይጀምራል። ፍሬደሪክ ሶዲ የተባለው ኬሚስት ስለ ራዲየም የሰጠውን ትምህርት በ1909 በመጽሐፍ አወጣ፤ በቁስ አካል ውስጥ ታምቆ ስላለው ኃይል ያወራል። ዌልስ አነበበው። በ1914 «ነጻ የወጣው ዓለም» የተባለውን ልቦለድ አሳትሞ መታሰቢያነቱን ለዚያው መጽሐፍ አደረገ። በውስጡ «የአቶም ቦምብ» አለ። ዛሬ ለሚያነበው ቦምቡ እንግዳ ነው፤ ፓይለቱ በእጁ ከአውሮፕላን ይወረውረዋል፤ አንዴ ፈንድቶ አያበቃም፣ ለረጅም ጊዜ እየነደደ ይቆያል። ራዲየም ቀስ ብሎ ስለሚያመነጭ ዌልስ ቦምቡንም ቀስ እንዲል አደረገው። እዚህም ያወቀውን ተጠቀመ፤ ያላወቀውን ከሚያውቀው ጋር አመሳሰለ።

ሊዮ ዚላርድ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ የፊዚክስ ሰው መጽሐፉን በ1932 በርሊን ሆኖ አነበበ። በዓመቱ ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ ዚላርድ አይሁዳዊ ነበርና ተሰደደ። መስከረም 12 ቀን 1933 ለንደን ውስጥ ሆቴል ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ታላቁ ሊቅ ራዘርፎርድ ከአቶም ኃይል አገኛለሁ የሚል ሰው ይቃዣል ማለቱ ተዘግቧል። ዚላርድ ተናደደ፤ ወጥቶም መንገድ መንገዱን ይል ጀመር። ሳውዝሃምፕተን ሮው ላይ ትራፊክ መብራት አቆመው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ መንገዱን ሲሻገር ነገሩ በራለት፤ አንድ ኒውትሮን የሚውጥና ሁለት የሚተፋ አቶም ከተገኘ፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ይቀጥላሉ።



በተከታዩ ዓመት ሐሳቡን በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ ያደረገው ለሳይንስ ሰው ያልተለመደ ነው፤ ፓተንቱ በምስጢር እንዲያዝ ብሎ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት አስረከበው። ምክንያቱን ራሱ ሲናገር ዌልስን ስላነበብኩ መጨረሻውን አውቄዋለሁ ብሏል። ሶዲ ዌልስን፣ ዌልስ ዚላርድን አስተማረ ማለት ነው። የሳይንስ ልቦለድን «የልጆች ጨዋታ» ብለው ለሚንቁ አንባቢዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ዌልስ ሂሮሺማን ለማየት ደረሰ። ነሐሴ 1946፣ ከቦምቡ አንድ ዓመት በኋላ፣ ለንደን ውስጥ አረፈ።

ደኅንነቶቹ መጽሔት ቤት መጡ

በመጋቢት 1944 ኒው ዮርክ የሚታተመው «አስታውንዲንግ» የተባለ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት የክሌቭ ካርትሚልን አጭር ልቦለድ አወጣ። ታሪኩ የማይረባ ነው፤ ሁለቱ ተዋጊ ወገኖች ሲክሳ እና ሴይላ ይባላሉ፣ ይህም የዘመኑ ተፋላሚዎች የአክሲስና የአላይስ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተገልብጦ የተጻፈ ነው። የማይረባው ታሪክ ውስጥ ግን ከዩራኒየም 235 ስለሚሠራ ቦምብ ቁም ነገር ተጽፏል። ያን ጊዜ አሜሪካ ይህንኑ ቦምብ በከፍተኛ ምስጢር እየሠራች ነው።

የጸረ ስለላ ሰዎች ወዲያው አዘጋጁን ጆን ካምቤልን ያዙት። ማን ነገረህ? ካምቤል ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው፤ ለደራሲው የቴክኒኩን ጉዳይ በደብዳቤ ያቀበለውም እሱ ነበር። መልሱ አጭር ነው። የዩራኒየም መሰንጠቅ በ1939 መጀመሪያ በሳይንስ መጽሔቶች ታትሟል፤ ማንም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያነበዋል። መጽሔቱ ይታገድ የሚል ሐሳብ ሲነሳም፣ ካገዳችሁት ነገሩ እውነት መሆኑን ለጠላት ነገራችሁት ማለት ነው ብሎ ተከራከረ። መጽሔቱ መውጣቱን ቀጠለ።

እነዚህ ደኅንነቶች ሰላይ ፍለጋ መጥተው ያገኙት የታተመ የሚያነብ ሰው ነው።

የማርስ ዋዜማ

እስካሁን ያየነው ሳይንሱ ደራሲዎቹን ወደፊት ሲወስዳቸው ነው። ወደ ኋላ ሲጎትታቸውስ?

ሬይ ብራድበሪ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የተማርኩት ሎስ አንጀለስ ቤተ መጻሕፍት ነው ይል ነበር። «ፋራናይት 451» የተባለውን ስለሚቃጠሉ መጻሕፍት የሚያወሳ ሥራውን እንኳ የጀመረው ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በግማሽ ሰዓት አሥር ሳንቲም እየከፈለ በሚከራየው ታይፕ ላይ ነው። በ1950 ያወጣው የማርስ መጽሐፍ ቦዮች፣ ጥንታዊ ከተሞችና የሚተነፈስ አየር አሉበት። የቦዮቹን ወሬ ያስፋፋው ፐርሲቫል ሎውል የተባለ አሜሪካዊ የከዋክብት ተመራማሪ ሲሆን፣ በቴሌስኮፕ ያየ መስሎት በማርስ ላይ መስመሮች ሥሎ ነበር።

በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አጠገብ አልፋ ፎቶ ላከች። ቦይ የለም። ከተማ የለም። የጨረቃን የመሰለ ጉድጓዳ ጉድጓድ መሬት ብቻ።

ኅዳር 12 ቀን 1971 ፓሳዴና በሚገኘው ካልቴክ ብራድበሪና ክላርክ ከሳይንቲስቶቹ ከካርል ሴጋንና ከብሩስ መሪ ጋር አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ማሪነር 9 ማርስን መዞር ልትጀምር አንድ ቀን ያህል ነው የቀራት። መሪ የጂኦሎጂ ሰው ነውና የሎውል ሕልም ይብቃን፣ ማርስ የሞተች ናት ከሚሉት ወገን ነበር። ሴጋን ሕይወት የለም ለማለት ገና ነው ባይ ነው። ብራድበሪ ቦዮቹ በመጥፋታቸው ሲያዝን አልታየም፤ ግጥሙን አነበበ፣ ሰውን አሳቀ። ሕልሙ እኮ መንኮራኩሩን የሚሠሩትን ልጆች ወደዚህ ሙያ አምጥቷቸዋል የሚል ነበር ክርክሩ። እውነት አለው፤ ሴጋን ራሱ በልጅነቱ የማርስ ልቦለድ ሲያነብ ያደገ ነው።

በማግሥቱ ማሪነር ስትደርስ ፕላኔቷን ያለበሳት የአቧራ አውሎ ነፋስ ነበር። ከአቧራው በላይ የሚታዩት አራት ጥቁር ነጥቦች ብቻ ናቸው። አቧራው ለሳምንታት ቆይቶ ሲረግፍ ነጥቦቹ የእሳተ ገሞራ አናት ሆነው ተገኙ፤ ትልቁ፣ ኦሊምፐስ ሞንስ፣ የራስ ዳሸንን አምስት እጥፍ የሚጠጋ ቁመት አለው። ከዚያ በኋላ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገደል ታየ፤ ውኃ የቆፈራቸው የሚመስሉ ደረቅ የወንዝ ሸለቆዎችም ታዩ። የሎውልም የመሪም ማርስ አልነበረችም። በ2012 ኪውሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ያረፈችበት ቦታ፣ በዚያው ዓመት በሞተው በብራድበሪ ስም ተሰየመ።

ማሽኑ አደገ፣ ቢሮው እንዳለ ቀረ

የሶፍትዌር ሙያ ላይ ያሉ ወጣቶች የድሮ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ሲያዩ የሚስቁበት ቦታ አንድ ነው። ክላርክ ከስታንሊ ኩብሪክ ጋር የሠራው «2001» በ1968 ሲወጣ፣ የናሳ ሰዎችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ያማከሩት ፊልም ነበር። አንድ ባለ ሥልጣን ወደ ጨረቃ ሲጓዝ የኅዋ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፤ ሴት ልጁን በምስል ስልክ ያነጋግራል፤ ሲጨርስ ሒሳቡ 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ተብሎ ይመጣለታል። የተናገረው የስልክ ዳስ ውስጥ ገብቶ ነው። ጨረቃ ይሄዳሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ የለም። የሚጓዝበት መንኮራኩር የፓን አም ነው፤ አየር መንገዱ በ1991 ተዘጋ። ሴቶቹም በአብዛኛው እንግዳ ተቀባይና አስተናጋጅ ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ ግን የቬርን ስሕተት ነው። በ1863 ገደማ «ፓሪስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ልቦለድ ጽፎ ነበር፤ አሳታሚው ኤትዜል ማንም አያምንህም ብሎ መለሰለት። ረቂቁ ለመቶ ዓመት ያህል ጠፍቶ፣ ቬርን ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ በቤተሰቡ ካዝና ውስጥ ተገኘና በ1994 ታተመ። በውስጡ በሞተር የሚሄዱ ሠረገላዎች፣ በኤሌክትሪክ የደመቁ ጎዳናዎች፣ ሥዕልን በሽቦ የሚልክ መሣሪያ፣ ሒሳብ የሚያሰሉ ግዙፍ ማሽኖች አሉ። የታሪኩ ባለቤት የሆነው ገጣሚ ወጣት ሥራ ያገኘው ባንክ ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ካሰሉ በኋላስ? ውጤቱ እንደ ግድግዳ በገዘፈ መዝገብ ላይ፣ በሰው እጅ፣ በሚያምር ጽሕፈት ይገለበጣል። ቬርን ካልኩሌተሩን አይቷል፤ ጸሐፊው ከሥራ ይወጣል ብሎ ማሰብ ግን አልቻለም። በአክሲዮን ገበያ ያየው መዝገብ ከዓይኑ አልጠፋማ።

አይዛክ አሲሞቭም በ1964 ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስላለው ዓለም በጋዜጣ ሲጽፍ ተመሳሳይ ነገር ታይቶበታል። ምስል የሚያሳይ ስልክ ይኖራል፣ ሮቦቶች ግን ብዙም አይረቡም አለ፤ ልክ ነበር። ሰው በሥራ ማጣትና በመሰልቸት ይታመማል ብሎ ከልቡ ሠጋ። ስልክ ላይ ተጥዶ የሚያመሽ ሰው ለመሰልቸት እንኳ ጊዜ እንደማያገኝ አላሰበም።

እንዲህ ቢሳሳቱም ደራሲዎቹን የሚፈልግ አልጠፋም። በ2019 የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስቴር የሳይንስ ልቦለድ ደራሲዎችን «ቀይ ቡድን» በሚል ስም ሰብስቦ፣ ከ2030 እስከ 2060 ባለው ጊዜ ሊገጥሙ የሚችሉ ጦርነቶችን እንዲያስቡ ቀጠራቸው። የቬርን አገር ናትና አያስገርምም። ካምቤልን ማን ነገረህ ብለው ያፋጠጡት ዓይነት ሰዎች በዚህ ጊዜ ደራሲውን ጠርተው ከሳይንቲስቶችና ከወታደሮች ጋር አስቀመጡት። ለሕዝብ ከቀረቡት መላ ምቶች አንዱ አገር ያጡ ሰዎች ባሕር ላይ ስለመሠረቱት የወንበዴዎች መንግሥት ይተርካል። የቀሩት በምስጢር ተይዘዋል።